ዳር የሌለው ቁራጭ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክፍላችን ልጆች ኬክ ቆረሱልኝ። አንዷ አፏ የማያርፍ ልጅ፣ "ወይንዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?" አለችኝ። "ሥጋ ስቆርጥ" አልኳት። ሁሉም ሳቁ። የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ስለሆንኩ የምናገረው ሁሉ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ሥራዬ ይህ ነው። ሐኪም ከታማሚ ገላ ላይ ያጠራጠረውን ነገር በጥቂቱ ቆርጦ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ከትቶ ይልክልናል። እኔ ውሃውን አወጣለታለሁ፣ የቀለጠ ሰም አጠጣዋለሁ፣ ሰሙ ሲረጋ ከጸጉር አሳስቼ እቆርጠዋለሁ፣ መስታወት ላይ አጣብቄ ቀለም አስገባዋለሁ። ከዚያ የክፍሉ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ያየውና "ነቀርሳ ነው" ወይም "አይደለም" ይላል። በዚያች ቃል አንዷ ጡቷን ታጣለች፣ ሌላው ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ ቀለም የሚነክረው ማሽን ነው፤ ልጆቹ ቁልፍ ተጭነው ማኪያቶ ሊጠጡ ይወጣሉ። እሰየው፣ አልቀናም። ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ እግር ሳልናገር መሞት ግን አልፈልግም።

የተቀጠርኩት ንጉሡ በወረዱ ማግስት ነው። ሆስፒታሉ ከአራዳ ብዙም አይርቅም፤ ስሙ ይቆየን። ክፍላችን ምድር ቤት ነበረች፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የሰም ማቅለጫ፣ አንድ ከጣሊያን ዘመን የተረፈ የሚመስል መቁረጫ። መቁረጫው ማይክሮቶም ይባላል፤ ፒያሳ ያሉት ግሮሰሪዎች ሞርታዴላ የሚቆርጡበትን ማሽን ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ደመወዙ በእናት አገር ጥሪ ስም ከላይ ከላዩ ይቆነጠር ስለነበር ስለሱ ባላወራ ይሻላል። የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊ ረቡዕ ረቡዕ እየሰበሰበ ያደነቁረን ነበር። አንድ ጊዜ፣ "ሰፊው ሕዝብ እንቁላል አጥቶ እናንተ መስታወት ትቀቡበታላችሁ" ብሎ ሂስ አወረደብን። አለቃዬ ዶክተር ይርጋ ብድግ ብለው፣ "ጓድ፣ የምንቀባው ነጩን ነው፤ አስኳሉን ለሰፊው ሕዝብ እንልካለን" አሉ። ማንም አልሳቀም። ሳቅም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር።

የእንቁላሉ ነገር እውነት ነው። የተቆረጠው ስስ ሥጋ መስታወቱን እንዲይዝ ከሥሩ የእንቁላል ነጭ ይቀባል። ነጩ ተመትቶ ይጣራል፣ ጥቂት ግሊሰሪን ይጨመርበታል፣ በጣት ጫፍ በስሱ ይዳበሳል። ከበዛ ራሱ ቀለም ይጠጣና ያደናግራል። ካነሰ ደግሞ ሥጋው ቀለሙ ውስጥ ተላቆ ይቀራል፣ የሰው ልጅ ተስፋም አብሮት። እንቁላሉን የምገዛው ከእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጉልት ተቀምጠው እንቁላልና ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብርሃኑ ከሚባል አንድ ልጃቸው በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ብርሃኑ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የእናቱን ቅርጫት ሲሸከም የማያፍር ልጅ።

ዶክተር ይርጋ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ ሲኮበልሉ እሳቸው እጅጌው ያለቀ ጋውናቸውን ለብሰው ከዚያች ምድር ቤት አልነቃነቅ አሉ። ቁጡ ነበሩ። የማይክሮቶሙ ቢላዋ የመሳያው ቆዳ ላይ በደንብ ሳይፋተግ ብቆርጥ ጆሮዬ እስኪግል ይቆጡኛል፣ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ይሰጡኛል። የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። ሥጋው የተጣበቀበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ሲሰጧቸው ወዲያው ማይክሮስኮፕ ላይ አያደርጉም፤ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው በዓይናቸው ያዩታል። "መጀመሪያ አገሩን እዪ፣ ከዚያ ሰዎቹን" ይሉኛል። ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያደርጉም ከዳር ነው የሚጀምሩት። "ዳር የሌለው ቁራጭ አይፈረድበትም" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። የሚያጠራጥር ነገር ካገኙ ደግሞ ደረጃውን ወጥተው ታማሚው አልጋ ድረስ ይሄዳሉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እያሉ ምን እንደነካው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የሌላ ክፍል ሐኪሞች ይስቁባቸው ነበር።

ሕዋስ እንዴት አካል እንደምትሠራ ሊያስተምሩኝ የፈለጉ ጊዜ፣ የእትዬ አስካለ ዶሮ የታቀፈቻቸውን እንቁላሎች አስገዙኝ። በየጥቂት ቀኑ አንዱን እየሰበሩ ከፅንሱ እግር ሊሆን ያለውን እያወጡ ስላይድ አሠሩኝ። በመጀመሪያው ላይ እግር የሚባል ነገር የለም፤ የሕዋስ ክምር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ላይ በሕዋሶቹ መሐል በሰማያዊ ቀለም የተነከሩ ቀጫጭን ክሮች ታዩኝ።

"ክሩን ማን ፈተለው?" አልኳቸው።

"ራሳቸው ናቸዋ! ፕሮቲን ነው፤ ኮላጅን ይባላል። ሕዋስ ክሩን ትፈትልና መልሳ ትጨብጠዋለች፣ በሱ ላይ እየዳኸች ትሄዳለች። ክሩ ደግሞ ዝም አይልም። 'በቃ ደርሰሻል፣ እዚህ ቁሚ' ይላታል። እጇ ክር ካልያዘ የት እንደምታርፍ አታውቅም።"

በኋለኛው እንቁላል ላይ አጥንት መሆን በጀመረው ዳርቻ ሕዋሶቹ ቀበሌ ሱቅ ስኳር እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው አየኋቸው። ደስ አለኝ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው" ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ነቀርሳ ክሩ የሚላትን የማትሰማ ሕዋስ ናት። አትሰለፍም። ግን ልብ በዪ፤ በችኮላ እያደገ ያለ ጤነኛ ሥጋና ነቀርሳ መሐላቸውን ብቻ ካየሽ መንታ ናቸው። የሚለዩት ዳር ላይ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የመንገዱን ዳር አለማየት ለመድኩ፤ ዳር ላይ የተጣለው የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም ነበር። ሥራ ቦታ ከዳር ጀምሪ እባላለሁ፣ መንገድ ላይ ከዳር ዓይኔን አሸሻለሁ። በዚያ ሰሞን እትዬ አስካለ ከጉልታቸው ጠፍተው ሰነበቱ። ሲመለሱ ፊታቸው ከስሏል። "አሞኝ ነው ልጄ" አሉ። እኔም "እግዜር ይማርዎት" ብዬ እንቁላሌን ገዝቼ ሄድኩ። በዚያ ጊዜ ጎረቤቱን የት ጠፋህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ግድግዳም ጆሮ ነበረው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ብርሃኑ እያነከሰ ሆስፒታላችን መጣ። ጭኑ ላይ ጡጫ የሚያህል ጠጣር እብጠት ወጥቶበታል፣ በየቀኑ ያድጋል። የራጅ ፊልም ከጠፋ ቆይቷል። ቀዶ ሐኪሙ ከእብጠቱ መሐል ትንሽ ቆንጥሮ ላከልን። እኔ ቆረጥኩት፣ ቀለም አስገባሁት። የማን ሥጋ እንደሆነ አውቅ ስለነበር ቢላዋውን ሁለት ጊዜ ነበር የፋተግኩት።

ዶክተር ይርጋ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉት። "ዳሩ የታለ?" አሉ።

"የመጣው ይኸው ብቻ ነው" አልኳቸው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ሕዋሶቹ እንደ ፈላ ነገር ይተራመሳሉ፤ ብዙዎቹ ለሁለት ሊከፈሉ የተዘጋጁ ናቸው፤ የአጥንት ክር ይፈትላሉ፣ ክሩ ግን ሥርዓት የለውም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ፍጥነት፣ የአጥንት ነቀርሳ ይመስላል። ዶክተር ይርጋ ሌላ ቁራጭ ከነዳሩ እንዲላክ አስጠየቁ። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ወርዶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

"ማደንዘዣው ለቀዶ ጥገናም አልበቃኝ፤ ለናሙና ሁለተኛ ጊዜ አላስተኛውም። ነቀርሳ ከሆነ ደግሞ እናንተ ዳር ስትፈልጉ ሳንባው ይገባል" አለ።

ዶክተር ይርጋ ደረጃውን ወጡ። እናቱን ስለማውቅ እኔንም አስከተሉኝ። ብርሃኑ ተጋድሟል፣ እትዬ አስካለ ከእግርጌው ቆመዋል። አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ አንድ የቆሰለ እስረኛ ተኝቷል፤ የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ዶክተር ይርጋ እሱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ሐኪም ናቸው፤ ታማሚውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"ልጄ፣ ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የመታህ ነገር አለ?"

ብርሃኑ እናቱን አየ። እትዬ አስካለ ጠመንጃውን አዩ።

"ምንም አልነካውም ዶክተር" አሉ። "ዝም ብሎ ነው ያበጠው፣ በራሱ።"

"መውደቅም ይሁን፣ ኳስ ጨዋታም ይሁን። ያስቡ እስቲ፤ ትንሽ ነገር ብትሆንም።"

"ልጄ ከቤት አይወጣም! ኳስም አያውቅ፣ ጓደኛም የለው። ምንም አልነካውም።" ድምፃቸው አጠገባቸው ለቆምነው ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ያለ ነበር። ለማን እንደሚናገሩ የገባኝ በኋላ ነው። "ኳስ መታው" ብለው ቢሆን የልጁ እግር ይተርፍ ነበር፤ ግን የፈራ ሰው የትኛው ቃል እንደሚያድንና የትኛው እንደሚገድል በምን ያውቃል?

ምድር ቤት ስንመለስ ዶክተር ይርጋ ስላይዷን እንደገና አዩ። በማግስቱም አዩ። የተመታ ሥጋ ውስጥ የፈሰሰ ደም አንዳንዴ ወደ አጥንት እንደሚለወጥ፣ መሐሉም ነቀርሳ እንደሚመስል ነገሩኝ። "ግን አልተመታም" አሉ። ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ደጋገሙት። "እናቱ አልተመታም አለች።" ከዚያ "ነቀርሳ ነው" ብለው ፈረሙ።

እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ እኛ ወረደ። ሕጉ ነው፤ የተቆረጠ ሁሉ ይመረመራል። የዚያን ቀን ዶክተር ይርጋ መጋዙን ራሳቸው ያዙ። እብጠቱን ለሁለት ሊከፍሉ ሲጀምሩ መጋዙ ዳር ላይ ጮኸ፤ ጠጣር አጥንት ነው። ወደ መሐል ሲደርስ ዝም አለ፤ ለስላሳ ሥጋ። በዚያኛው ዳር እንደገና ጮኸ። ቆሙ። "ሰማሽ?" አሉኝ። ምን እንደሰማሁ አልገባኝም፤ እሳቸው ነገሩኝ። የአጥንት ነቀርሳ የሚጠነክረው መሐሉ ነው፣ ዳሩ ልል ነው። ይህኛው ተገልብጧል።

አጥንት እንደ ሥጋ ወዲያው አይቆረጥም፤ አሲድ ውስጥ ገብቶ እስኪለሰልስ ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት ዶክተር ይርጋ ብርቱካን አልላጡም፣ አልተቆጡኝምም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ስላይዱ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉት፣ ከዳር ጀመሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ቀና አሉ።

"ነይ እዪ።"

አየሁ። ዳር ላይ ሕዋሶቹ በፈተሉት አጥንት ጥግ አንድ በአንድ ተሰልፈዋል፣ እንደዚያ እንደ ጫጩቷ እግር። ክሩ ቁሙ ብሏቸው ቆመዋል። ከአጥንቱ ወዲያ ያለው ጡንቻ ውስጥ አሮጌ ደም እንደ ዝገት ተበትኗል።

"ተመትቷል" አሉ። "ሊያርፍ ነበር። ትንሽ ቢቆይ በራሱ ሊያርፍ ነበር።" መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አለቀሱ። እኚያን ሰው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ አለቀስኩ።

ቀዶ ሐኪሙ፣ "የሆነው ሆኗል፤ ይዳፈን" አለ። ዶክተር ይርጋ እምቢ ብለው የፈረሙትን በራሳቸው እጅ አረሙ። ከዚያ ብርሃኑን በክራንች ደግፈን ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ሥር ወሰድነው። ማንም አልነበረም። ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። እኔ ይጮሃል፣ ይሰድበናል ብዬ ስጠብቅ ልጁ መሬት መሬት እያየ ሰማቸው።

"በሰደፍ ነው" አለ ሲጨርሱ። "ቀበሌ አስገብተውኝ ነበር። ሲለቁኝ፣ ትንፍሽ ብትል አንተንም እናትህንም አሉኝ።" ቀጥሎም፣ "ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ለእናቴ እንዳይነግሯት። እግሩ የተቆረጠው በእኔ ቃል ነው ካለች አትኖርም። ነቀርሳ ነበር ብላ ትኑር" አለ።

ዶክተር ይርጋ ውሸት የሚጸየፉ ሰው ነበሩ። "እሺ ልጄ" አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ የእንቁላል ዋጋ አልቀበልም አሉኝ። በየፋሲካውና በየገናው ደግሞ ራሳቸው ቅርጫት ይዘው ምድር ቤት ይወርዳሉ። "ልጄን ከሞት ያተረፉልኝ" እያሉ ዶክተር ይርጋ ፊት ያስቀምጣሉ። ዶክተር ይርጋ አንገታቸውን ደፍተው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ከዚያ እንቁላል አንድም ቀን አልበሉም። "ለመስታወቱ ይሁን" ይሉኛል። የስንት ሰው ሥጋ በእትዬ አስካለ እንቁላል እንደተጣበቀ እግዜር ይወቀው። ልማዳቸውም ተለወጠ። ታማሚ ሲጠይቁ መጀመሪያ በአልጋው ዙሪያ ማን እንዳለ ያያሉ፤ አስታመው፣ ደግፈው፣ ግራሯ ሥር ወስደው ነው የሚጠይቁት። አንዳንዱን እዚያ ሄደውም መልስ አያገኙም። ያን ጊዜ፣ "ዳር ካልመጣ አልፈርምም" ብለው ከማንም ጋር ይጣላሉ፣ ከፖለቲካ ኃላፊው ጋር ሳይቀር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ብርሃኑ ፒያሳ አንድ በረንዳ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ሰዓት ሠሪ ሆነ። የእሱ እኩዮች ግማሾቹ በሽብሩ አለቁ፣ የቀሩትን አፈሳው እየለቀመ ወደ ጦርነቱ ጫናቸው። አፋሾቹ በሱ አጠገብ ሲያልፉ ክራንቹን አይተው ያልፉታል።

የደርግ መጨረሻ በተቃረበበት ጊዜ ዶክተር ይርጋ ታመው ሥራ ሊለቁ ሆነ። እትዬ አስካለ ሰሙና በዓል ሳይሆን መጡ። ቅርጫቱን አስቀምጠው እንደ ወትሮው አልተመለሱም፤ በሩን ዘግተው ቆሙ።

"ዶክተር፣ ነቀርሳ እንዳልነበረ አውቃለሁ" አሉ።

ዶክተር ይርጋ ወደ እኔ ዘወር አሉ። አልነገርኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ማንም አልነገረኝም። ሲመቱት ደጅ ቆሜ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ያበጠው እዚያው የተመታበት ነው። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አይተውት አያውቁም። እንቁላሉን ለምስጋና የማመጣው መስሎዎት ነበር? ይቅርታ ልጠይቅ እየመጣሁ አፌ እምቢ እያለኝ ነው። ውሸቱን የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ያ ጠመንጃ አጠገቤ ነበር።"

"ዳሩን ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ አስካለ" አሉ ዶክተር ይርጋ።

"እርስዎም ለነፍሱ ፈርተው፣ እኔም ለነፍሱ ፈርቼ" አሉ። "ጓደኞቹ ሁለት ሁለት እግር ነበራቸው። የታሉ? እኔ ልጄ አለኝ።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ብርሃኑ ግን አይስማ። እናቴ አታውቅም ብሎ ነው የሚኖረው፤ ይህቺን አትንጠቁብኝ።"

ከሄዱ በኋላ እኔ ትንሽ ቀለለኝ። ይህንንም ለዶክተር ይርጋ ነገርኳቸው፤ ቢያንስ ልጁ ተርፏል አልኳቸው። የድሮ ቁጣቸው ተመለሰ። "እንዳታጽናኚኝ! ሰው የተረፈው በስህተታችን ከሆነ የሚያኮራን ነገር የለም" አሉኝ። በዚያው ዓመት አረፉ። ሁለቱንም አደራ የያዝኩ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ከእናትየው የልጁን፣ ከልጁ የእናቱን ምስጢር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

እትዬ አስካለ ያረፉት እኔ ጡረታ በወጣሁ ዓመት ነው፣ አርጅተው፣ በልጃቸው እጅ። ለቅሶ ሄጄ ከብርሃኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ለቀስተኛው ወጣ ሲልልን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ወይንዬ፣ አንድ ነገር ነው የሚያጽናናኝ" አለኝ። "ምንም ሳታውቅ ሞተች።"

እጁን ያዝኩት። የሰዓት ሠሪ እጅ ነው፤ ቀጭንና የማይንቀጠቀጥ።

"አዎ" አልኩት። "ምንም አላወቁም።"